አንጀት ለምን ይረበሻል? የአይቢኤስ መንስኤዎችና ቀስቃሾች

ሽሮ በልቶ ሆዱ የተነፋ ሰው ጥፋቱን በሽሮው ላይ ይጥላል። ከሳምንት በኋላ ያንኑ ሽሮ በልቶ ምንም ሳይሆን ይቀራል። ሌላ ቀን ደግሞ፣ ገና ቁርስ ሳይቀምስ፣ ለሥራ ፈተና ሊገባ በር ላይ ቆሞ ሳለ ሆዱን ይቆርጠውና መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ይሮጣል። እንዲህ ሲመላለስበት የከረመ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ሕመሜ ከምን የመጣ ነው?»

ጥያቄው በውስጡ ሁለት ጥያቄዎችን ይዟል። አንደኛው፣ አንጀቱን መጀመሪያ እንዲህ ስስ ያደረገው ምንድን ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ስስ የሆነውን አንጀት ዛሬ ያስነሳው ምንድን ነው የሚለው ነው። የመጀመሪያውን መንስኤ፣ ሁለተኛውን ቀስቃሽ እንበላቸው። ሁለቱ ሲምታቱ ሰው ጥፋት የሌለበትን ምግብ ዕድሜ ልኩን እርም ይላል፤ አለዚያም የሌለበትን በሽታ መድኃኒት ደጋግሞ ይውጣል።

ምን ዓይነት ሕመም ነው?

ሐኪሞች አይቢኤስ የሚሉት፣ አንጀት ውስጥ ቁስል፣ ዕጢ ወይም ጥገኛ ተሕዋስ ሳይገኝ የሆድ ሕመምና የሰገራ መለዋወጥ አብረው የሚመላለሱበትን የረጅም ጊዜ ሕመም ነው። አንጀቱ ተከፍቶ ቢታይ ጤነኛ ይመስላል፤ የተበላሸው አሠራሩ ነው። ሆድ ይነፋል፣ ያጉረመርማል፣ ይቆርጣል። አንዱን ሰው ተቅማጥ ያስቸግረዋል፣ ሌላውን ድርቀት፣ ሦስተኛውን ሁለቱም እየተፈራረቁ ያሰቃዩታል።

ሕመሙን ለመለየት በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት መመዘኛ «የሮም መስፈርት» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው አራተኛው እትም መሠረት፣ ሰውየው ባለፉት 3 ወራት በአማካይ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ሆዱን ያመዋል። ሕመሙ ከሦስት ነገሮች ቢያንስ ከሁለቱ ጋር ይያያዛል፦ ከመጸዳዳት ጋር፣ የመጸዳጃ ምልልስ ከመብዛቱ ወይም ከመቀነሱ ጋር፣ ሰገራው ከመቅጠኑ ወይም ከመድረቁ ጋር። ነገሩ ከጀመረም ቢያንስ 6 ወር ሆኖታል። ትናንት የጀመረ ቁርጠት እንግዲህ አይቢኤስ አይባልም።

ሕመሙ ብርቅ አይደለም። በ33 አገሮች ከ73 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀውበት እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በኢንተርኔት መጠይቁን ከሞሉት ውስጥ 4 በመቶ ያህሉ መስፈርቱን ያሟላሉ። ሴቶች ከወንዶች ይበዛሉ። አይቢኤስ ወደ ካንሰር አይለወጥም፣ ዕድሜም አያሳጥርም። ኑሮን ግን ያጎድላል፤ ረጅም መንገድ በአውቶቡስ ለመሄድ የሚፈራ፣ ሰርግ ቤት ሲጠራ አስቀድሞ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ የሚያጣራ ሰው ይህን ያውቀዋል።

በአገራችን የሚሄድባቸው ሌሎች ስሞች

በእኛ ዘንድ የሆድ ሕመም ስም አያጣም። ከእምብርት በላይ ከሆነ «ጨጓራ» ነው፤ ወደ ታች ወርዶ ተቅማጥ ካስከተለ «አሜባ» ወይም «ጃርዲያ»፤ ድካምና ትኩሳት ከተቀላቀለበት ደግሞ «ታይፎይድ»። እነዚህ በሽታዎች በእርግጥም በአገራችን አሉ። ችግሩ የሚመጣው ሕመሙ በተመለሰ ቁጥር ያው ስም ሲሰጠው ነው።

የሰገራ ምርመራን እንውሰድ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ በሽታ የሚያመጣው አሜባና ጉዳት የማያደርሰው ዘመዱ፣ ኢንታሚባ ዲስፓር የሚባለው፣ ዕንቁላል መሰል ዛጎላቸው አንድ ዓይነት ነው። ከሁለቱ ደግሞ በብዛት የሚገኘው ጉዳት የሌለው ነው። ስለዚህ «አሜባ ተገኝቷል» የሚል ወረቀት ሁልጊዜ ሕመሙን አያስረዳም። በብዙ ጤና ተቋማት ለታይፎይድ የሚታዘዘው የዊዳል ምርመራም እንዲሁ ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ የቆየ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ባክቴሪያ ውጤቱን «ፖዘቲቭ» ሊያደርገው ይችላል። የጨጓራ ባክቴሪያ የሚባለው ኤች ፓይሎሪም በአገራችን በጣም ብዙ ሰው ሆድ ውስጥ ስላለ፣ ተመርምሮ መገኘቱ ብቻውን ከእምብርት በታች ላለ ቁርጠት ምክንያት አይሆንም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያደናግረው አይቢኤስ በራሱ ጊዜ የሚብስና የሚሻል ሕመም መሆኑ ነው። ሰው መድኃኒት የሚገዛው ሕመሙ በጠናበት ሰሞን ነው። መድኃኒቱን ውጦ በሳምንቱ ሲሻለው ምስጋናው ለመድኃኒቱ ይሆናል፤ በወሩ ሲመለስበት «አሜባው አልጠፋም» ይባልና ሌላ ዙር ይጀመራል። በዚህ መሐል ትክክለኛው ጥያቄ ሳይነሳ ዓመታት ያልፋሉ።

መንስኤ አንድ፦ ሕመምን የሚያጎሉ ነርቮች

ሪቺ የተባለ የእንግሊዝ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በጤነኞችና በአይቢኤስ ታማሚዎች ትልቁ አንጀት ውስጥ ትንሽ ፊኛ አስገብቶ ቀስ እያለ አየር ሞላው። አየሩ 60 ሚሊ ሊትር ሲደርስ፣ ማለትም ከአንድ የቡና ስኒ እምብዛም የማይበልጥ መጠን ሲሆን፣ ከጤነኞቹ 6 በመቶ ብቻ አመመን አሉ። ከአይቢኤስ ታማሚዎቹ ግን 55 በመቶው አመማቸው። ፊኛው አንድ፣ አየሩም አንድ፤ የተለየው የነርቮቹ ስሜት ነው።

አንጀት በግድግዳው ውስጥ ከመቶ ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሴሎች አሉት። ምግብ የት እንደደረሰ፣ ግድግዳው ምን ያህል እንደተወጠረ እያንዳንዷን ደቂቃ ይከታተላሉ፤ በጤናችን ጊዜ ግን ይህ ወሬ ወደ ንቃተ ሕሊናችን አይደርስም። በአይቢኤስ እነዚህ ነርቮች ድመት ስትነካው እንደሚጮህ የመኪና ማንቂያ ይሆናሉ፦ ማንቂያው ይሠራል፣ ሌባ ግን የለም። ለሌላው ሰው ተራ የሆነ ጋዝ፣ ተራ የሆነ የአንጀት እንቅስቃሴ፣ ለዚህ ሰው ሕመም ነው። ስለዚህ «ምርመራው ምንም አላሳየም» ማለት «ምንም አያምህም» ማለት አይደለም።

መንስኤ ሁለት፦ የአንጎልና የአንጀት መስመር

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ቶማስ አልሚ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የአንድ ጤነኛ የሕክምና ተማሪን ትልቅ አንጀት በመሣሪያ እየተመለከተ ሳለ፣ ሆን ብሎ ካንሰር የታየው አስመሰለ። ተማሪው በድንጋጤ ሲዋጥ አንጀቱ በሐኪሙ ዓይን ፊት ቀላ፣ ተኮማተረ። ነገሩ የውሸት እንደነበረ ሲነገረው ወደነበረበት ተመለሰ። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ በሕክምና ሥነ ምግባር አይፈቀድም፤ ያሳየው ነገር ግን እስካሁን ይጠቀሳል። ድንጋጤ አንጀትን በቀጥታ ይነካል።

አንጎልና አንጀት በነርቭ መስመሮች፣ በሆርሞኖችና በኬሚካሎች ሌት ተቀን ይነጋገራሉ። ስሜታችንን በማስተካከል የሚታወቀው ሴሮቶኒን እንኳ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው አንጀት ውስጥ ነው፤ እዚያም የአንጀትን እንቅስቃሴ ያስተናብራል። ንግግሩ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሄድ በመሆኑ፣ ጭንቀት ሆድን እንደሚረብሽ ሁሉ የተረበሸ ሆድም ጭንቀትን ይወልዳል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። «ጭንቀት ነው» ሲባል ብዙ ሰው «የምታወራው ፈጠራ ነው» እንደተባለ አድርጎ ይሰማዋል፤ አንዳንድ ጊዜም በዚያ ዓይነት ቃና ይነገረዋል። ሕመሙ ግን ሥጋዊ ነው፤ በነርቭና በጡንቻ ላይ የሚታይ ነው። በሕፃንነት የደረሰ በደል፣ የቆየ ሐዘን፣ ጦርነትና ስደት የዚህን መስመር ልክ ለረጅም ጊዜ ሊያዛቡት ይችላሉ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ለዘመቱ ወታደሮቹ አይቢኤስን ከአገልግሎታቸው ጋር የተያያዘ ሕመም አድርጎ ይቀበላል። ከቤተሰብ ርቆ፣ እንቅልፍ በወጉ ሳይተኛ፣ በሰው ቤት ሠርቶ ለሚኖር ስደተኛም የሆድ ነገር ከኑሮው ተለይቶ አይታይም።

መንስኤ ሦስት፦ ያለፈ የአንጀት ኢንፌክሽን

ከመንስኤዎቹ ሁሉ ማስረጃው ጠንካራ የሆነው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 በካናዳዋ ዎከርተን ከተማ ከባድ ዝናብ የከብት ፍግ አጥቦ የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ውስጥ ከተተው። ኢ ኮላይና ካምፒሎባክተር የተባሉ ባክቴሪያዎች 2,300 ያህል ሰዎችን አሳመሙ፣ 7 ሰዎች ሞቱ። ተመራማሪዎች ነዋሪዎቹን ለዓመታት ተከታተሉ። ተቅማጡ ካለፈ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ፣ ሐኪም ካረጋገጠላቸው ታማሚዎች 36 በመቶው የአይቢኤስ ምልክት ነበራቸው። ያኔ ካልታመሙት የከተማዋ ነዋሪዎች መካከል ግን 10 በመቶው ብቻ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የኖርዌዩ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 መጸው በበርገን ከተማ የመጠጥ ውኃ ውስጥ ጃርዲያ ገብቶ ከ1,200 በላይ ሰዎች በላቦራቶሪ በተረጋገጠ ሁኔታ ታመሙ። ጃርዲያው ታክሞ ጠፋ። ከ10 ዓመት በኋላ ግን ከታመሙት 43 በመቶው አይቢኤስ ነበረባቸው፤ ካልታመሙት 14 በመቶው። ተሕዋሱ ከወጣ በኋላ የቀረው የነርቮቹ መረበሽ ነው።

ይህ በአገራችን ያለውን ግራ መጋባት በደንብ ያስረዳል። ሰውየው የዛሬ ሦስት ዓመት እውነተኛ ጃርዲያ ይዞት ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱም በእርግጥ አድኖታል። ዛሬ የሚያስቸግረው ግን ጃርዲያው የተወው አሻራ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የጃርዲያ እንክብል አይፈይድም። ኢንፌክሽን አይቢኤስን ትቶ የማለፍ ዕድሉ ከፍ የሚለው ተቅማጡ ከባድና ረጅም ከነበረ፣ በሕመሙ ወቅት ሰውየው በጭንቀት ውስጥ ከነበረ፣ አንቲባዮቲክ ከወሰደና ታማሚዋ ሴት ከሆነች ነው። መልካሙ ዜና በብዙዎች ላይ እየቀለለ መሄዱ ነው፤ በዎከርተን ከ8 ዓመት በኋላ በአይቢኤስ የሚሠቃየው ሰው በግማሽ ገደማ ቀንሶ ነበር።

ሌሎች መንስኤዎች ባጭሩ

ትልቁ አንጀት ውስጥ ለቁጥር የሚታክቱ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ ወዳጆቻችን ናቸው። የአይቢኤስ ታማሚዎች የባክቴሪያ ስብጥር ከጤነኞች እንደሚለይ ተደጋግሞ ታይቷል። አንቲባዮቲክ ይህን ስብጥር ያናጋዋል። ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ እየገዙ መዋጥ ስለዚህ ሕመሙን ከማከም ይልቅ ሊያረዝመው ይችላል።

የሰውነት መከላከያም የራሱ ድርሻ አለው። የቤልጂየሙ ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በአንጀት ኢንፌክሽን ሰሞን የተበላ ምግብ በአንጀት የመከላከያ ሴሎች ዘንድ እንደ ጠላት ሊመዘገብ እንደሚችል በአይጦች አሳዩ። ቀጥለው 12 የአይቢኤስ ታማሚዎችን ወስደው የስንዴ፣ የግሉተን፣ የወተትና የአኩሪ አተር ፈሳሽ በቀጥታ የአንጀታቸው ግድግዳ ላይ ወጉ። ሁሉም ቢያንስ ለአንዱ አንጀታቸው ምላሽ ሰጠ፤ ከ8 ጤነኞች ግን ሁለቱ ብቻ። እነዚህ ሰዎች በደም ወይም በቆዳ ምርመራ የሚገኝ አለርጂ የላቸውም፤ ምላሹ የሚታየው እዚያው አንጀት ላይ ነው።

ዘርም አለበት፣ ግን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ50 ሺህ በላይ ታማሚዎች የተካተቱበት የዘረ መል ጥናት ከአይቢኤስ ጋር የሚያያዙ 6 ቦታዎችን ለየ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከጭንቀትና ከድባቴም ጋር የሚጋሩ ናቸው። እናትና ልጅ አንድ ዓይነት የሆድ ችግር ሲኖራቸው፣ ምክንያቱ ዘር ብቻ ሳይሆን አብረው የኖሩት ኑሮና የበሉት ምግብም ነው።

በመጨረሻም፣ ተቅማጥ ከሚበዛባቸው ሰዎች ከአራት ወይም ከሦስት አንዱ የሚቸገረው የሐሞት አሲድ በትንሹ አንጀት በደንብ ሳይመጠጥ ወደ ትልቁ አንጀት እያለፈበት ነው። ይህ የራሱ መድኃኒት ያለው ችግር ስለሆነ፣ በተለይ የሐሞት ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ለሐኪሙ ሊያስታውሰው ይገባል።

ቀስቃሽ አንድ፦ ማዕዱ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። አንጀቱ ስስ ከሆነ በኋላ ዕለት ዕለት የሚያስነሱት ነገሮች የትኞቹ ናቸው?

በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፒተር ጊብሰንና ሱ ሼፐርድ እ.ኤ.አ. በ2005 «ፎድማፕ» የሚል የጋራ መጠሪያ ሰጥተው አንድ የምግብ ወገን ለዩ። እነዚህ በትንሹ አንጀት በደንብ የማይመጠጡ አጫጭር የስኳር ዓይነቶች ናቸው። ሳይፈጩ ሲያልፉ ውኃ ይስባሉ፤ ትልቁ አንጀት ሲደርሱ ባክቴሪያዎች ያብላሏቸውና ጋዝ ይወጣል። ይህ በሁሉም ሰው ላይ የሚሆን ነገር ነው። ስስ አንጀት ያለው ሰው ብቻ ያመዋል።

በኢትዮጵያ ማዕድ ላይ እነዚህ ስኳሮች የት የት አሉ? መጀመሪያ በቀይ ሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት። የወጥ ቁሌት ሲሠራ አንድ ድስት ውስጥ የሚገባው ሽንኩርት ብዛት የታወቀ ነው፤ ተቁላልቶ ቢጠፋም ስኳሩ ወጡ ውስጥ ነው። ቀጥሎ ጥራጥሬ፦ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ምስር። ሽሮ እነዚህ ተቆልተው፣ ከሽንኩርትና ከቅመም ጋር ተፈጭተው የሚዘጋጅ በመሆኑ ሁለቱንም አጣምሮ ይዟል። በአንጻሩ ጥራጥሬውን አሳድሮ መንከርና የተነከረበትን ውኃ ደፍቶ በሌላ መቀቀል ስኳሩን ይቀንሰዋል፤ ንፍሮ የሚከብደው ሰው ይህን ሞክሮ ሊያየው ይችላል።

ጾም ሲገባ የአንዳንዱ ሰው ሆድ የሚብሰው በዚህ የተነሳ ነው። በሁዳዴ 55 ቀናት ምግቡ ሁሉ ወደ ሽሮ፣ ክክና ምስር ያጋድላል፤ ከቀትር በኋላ አንዴ በብዛት መብላትም ይጨመርበታል። በፋሲካ ማለዳ ደግሞ የሚመጣው ሌላ ፈተና ነው። ዶሮ ወጥ፣ ቅቤና ጮማ ለሁለት ወር ገደማ ከእነዚህ ያረፈ አንጀት ላይ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ቅባት ትልቁ አንጀት ከምግብ በኋላ የሚያደርገውን መኮማተር ያጠነክረዋል። ማዕዱ ሳይነሳ ወደ መጸዳጃ ቤት መሮጥ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

ጤፍ ግሉተን የለውም። የስንዴ ዳቦ ግን ፍሩክታን የሚባለውን የፎድማፕ ዓይነት ይዟል። «ግሉተን አይስማማኝም» ከሚሉ ሰዎች ብዙዎቹን የሚያስቸግራቸው ግሉተኑ ሳይሆን ይኸው ፍሩክታን ሊሆን እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2018 ኖርዌይ ውስጥ በ59 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። በውጭ አገር ያለ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል፦ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል። «እንጀራ ተጣላኝ» ከማለት በፊት ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ፣ ካልተጻፈም ጋጋሪዋን መጠየቅ ይበጃል።

ወተት ሌላው ነው። ካደጉ በኋላ የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም የሚቀንስባቸው ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። እርጎ ሲቦካ የወተቱ ስኳር ስለሚቀንስ ይሻላል፤ አይብና ቅቤ ውስጥ ደግሞ ጥቂት ነው የሚቀረው። ከፍራፍሬ ማንጎ፣ ከጣፋጭ ማር በፍሩክቶስ ይታወቃሉ፤ አቮካዶም በብዛት ሲበላ የማይስማማው ሰው አለ። በጁስ ቤት የሚቀርብ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ስፕሪስ ሁለትና ሦስት ፍሬ በአንድ ጊዜ ማለት ነው። ስኳር የለውም የሚባል ማስቲካም ሶርቢቶል ስለሚጨመርበት ሆድ ይነፋል።

በርበሬና ሚጥሚጣ የሚያነሱት ሕመም መንገዱ ሌላ ነው። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ የሕመም ነርቮች ላይ ያለን ተቀባይ በቀጥታ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት የአይቢኤስ ታማሚዎች አንጀት ውስጥ ይህን ተቀባይ የያዙ ነርቮች ከጤነኞች ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነው ማግኘቱን ዘግቧል። ቡናም የአንዳንድ ሰዎችን ትልቅ አንጀት ወዲያው ያንቀሳቅሳል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ቡናና ሻይ በቀን ከ3 ስኒ እንዳይበልጥ ይመክራል። አቦል፣ ቶናና በረካ ሲቆጠሩ ገደቡ አንድ የቡና ሥርዓት ላይ ይሞላል። ጫት በአንጻሩ ወደ ድርቀት ያደላል።

ቀስቃሽ ሁለት፦ አበላል፣ እንቅልፍ፣ ጭንቀት

ምን እንደተበላ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደተበላም ይቆጠራል። ቁርስ ዘሎ፣ ምሳ አሳልፎ፣ ማታ የቀኑን ሁሉ በአንድ ጊዜ መብላት ስስ አንጀትን ያስነሳል። እየተጣደፉ መብላት አየር ያስውጣል፤ ለስላሳና አምቦ ውኃ ጋዝ ይጨምራሉ።

እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ሆዱ ይብስበታል። በፈረቃ የሚሠሩ ነርሶች፣ በተለይ ቀንና ሌሊት የሚቀያየርባቸው፣ ቀን ብቻ ከሚሠሩት ይልቅ በአይቢኤስ እንደሚጠቁ ታይቷል። አንጀትም እንደ አንጎል የራሱ የቀንና የሌሊት ሰዓት አለው። በሆስፒታል፣ በመጋዘን ወይም በታክሲ ሥራ ሌሊቱን የሚያነጋ የዳያስፖራ ነዋሪ ምግቡን ከመውቀሱ በፊት ሰዓቱን ይፈትሽ።

የዕለት ጭንቀትም እንደ መንስኤ ሳይሆን እንደ ቀስቃሽ ይሠራል፦ ፈተና፣ የኪራይ ቤት ጭቅጭቅ፣ ከአገር ቤት የመጣ ክፉ ወሬ። በሴቶች ላይ የወር አበባ ሲቃረብና ሲመጣ የሆድ ሕመሙና መነፋቱ ይጨምራል፤ ብዙዎቹ ሰገራቸውም ይቀጥናል።

ቀስቃሽ ሦስት፦ የሚዋጡ መድኃኒቶች

ለስኳር ሕመም የሚሰጠው ሜትፎርሚን ተቅማጥ ያስከትላል። ለደም ማነስ የሚሰጥ የብረት እንክብል ያደርቃል። ለጨጓራ ተብሎ የሚጠጣው ነጭ ፈሳሽ እንደ ይዘቱ ነው፤ ማግኒዥየም ያለበት ያስቀምጣል፣ አሉሚኒየም የሚበዛበት ያደርቃል። አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎች የአንጀትን ሽፋን ይጎዳሉ። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቆም አይገባም፤ ሆዱ መረበሽ የጀመረው መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ከሆነ ግን ይህን መናገር ያስፈልጋል።

የራስን ቀስቃሽ እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ከላይ የተዘረዘረውን ሁሉ ማቆም አያስፈልግም፤ እንዲያ ያደረገ ሰው የሚበላው አጥቶ ይከሳል። ቀስቃሽ ከሰው ሰው ይለያያል። የተሻለው መንገድ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ደብተር መያዝ ነው። በአንድ ገጽ ላይ የተበላው ምግብና ሰዓቱ፣ የሕመሙ ሰዓት፣ የሰገራው ሁኔታ፣ የሌሊቱ እንቅልፍ፣ በቀኑ የገጠመ ጭንቀት፣ ለሴቶች የወር አበባ ቀን ይጻፋል። «ማክሰኞ፣ 7 ሰዓት፣ ሽሮ በእንጀራ፤ 10 ሰዓት ተነፋሁ፤ ትናንት 4 ሰዓት ብቻ ተኝቻለሁ» የሚል አንድ መስመር፣ ሽሮውንና እንቅልፍ ማጣቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣል።

የተጠረጠረ ምግብ ሲገኝ እሱን ብቻ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ማቆምና መልሶ በጥቂቱ መሞከር ነው። ሲመለስ ሕመሙ ካልተመለሰ ምግቡ ነፃ ነው፤ ወደ ማዕዱ ይግባ። ብዙ ጊዜም ጥያቄው «ይበላ ወይስ አይበላ» ሳይሆን «ምን ያህል ይበላ» ነው፤ ግማሽ ጭልፋ ምስር የሚስማማው ሰው ሙሉ ሳህን ላይስማማው ይችላል። ድርቀት ወይም መነፋት ላለበት ሰው አጃና ተልባ ይረዳሉ፤ የእንግሊዙ መመሪያ ተልባን በቀን እስከ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይፈቅዳል፣ ውኃ አብዝቶ መጠጣት ግን ያስፈልጋል። የስንዴ ፉርሽካ በአንዳንዱ ሰው ላይ ሕመሙን ያብስበታል።

አይቢኤስ ነው ተብሎ የማይታለፍ ምልክት

ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ሳይፈልጉት ክብደት ከቀነሰ፣ ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ ካለ፣ የደም ማነስ ከተገኘ፣ ተቅማጡ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ሆድ ውስጥ እብጠት ከተዳሰሰ፣ ወይም ሕመሙ የጀመረው ከ50 ዓመት ዕድሜ ወዲህ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር ያለበት ሰውም እንዲሁ። በአገራችን የሆድ ቲቢም አለ፤ ምልክቱ ከአይቢኤስ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። የታይሮይድ መዛባትና ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሲሊያክ የተባለው በሽታም በደም ምርመራ ይለያሉ። የሲሊያክ ምርመራ የሚደረገው ስንዴ እየበሉ ሳለ ነው፤ አስቀድሞ ስንዴ ያቆመ ሰው ውጤቱ ያታልለዋል።

እነዚህ ምልክቶች ከሌሉና መስፈርቱ ከተሟላ፣ ሐኪሙ በጥቂት ምርመራ አይቢኤስ ነው ሊል ይችላል። ሕክምናውም የሚመረጠው በመንስኤውና በሚበዛው ምልክት ነው። ለምሳሌ ለድባቴ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን በአነስተኛ መጠን ሲወሰድ የአይቢኤስን ምልክቶች እንደሚያቀል እ.ኤ.አ. በ2023 በእንግሊዝ የተደረገ ትልቅ ጥናት አረጋግጧል። ይህ የታዘዘለት ሰው «አበደ ተባልኩ» ብሎ እንዳይደነግጥ።

ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ «ሆዴን ያመኛል» ከማለት አልፎ ሦስት ነገር ይዞ መግባት ጊዜና ገንዘብ ያተርፋል፦ ሕመሙ መቼ እንደጀመረና ከዚያ በፊት ከባድ ተቅማጥ ወይም ከባድ የሕይወት ገጠመኝ እንደነበረ፣ እስካሁን የተወሰዱ መድኃኒቶች ዝርዝር፣ እና ደብተሩ። የመጀመሪያው መንስኤውን፣ ሦስተኛው ቀስቃሹን ይጠቁማል፤ መካከለኛው ደግሞ ያንኑ እንክብል ለአራተኛ ጊዜ ከመታዘዝ ያድናል።